ሪዮ፦ እናቴን ፎቅ ያስቀመጥኩበት ሲኒማ ቤት

እናቴ የሪዮን ቲኬት ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ አዲስ አበባ ይዛው ሄደች። ልክ እንደ ድሮው፣ ሳንቲም እንደሚቋጠረው። ሻንጣዋን ስናዘጋጅ "ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊው፣ ይጠፋል" ብላት እምቢ አለች። "ቦርሳ ነው የሚጠፋው፣ ነጠላዬ አይጠፋም" አለችኝ። ስለዚህ ሲኒማ ቤት ለመጻፍ የተነሳሁት ያቺን ቋጠሮ ካየሁ በኋላ ነው።

ለንደን ስኖር 23 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ሃክኒ ከሚባለው የምሥራቅ ለንደን ክፍል ውጪ ኖሬ አላውቅም። ሥራዬ ሆስፒታል ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ እኔ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ ሰው እራት ሲበላ እኔ ቁርሴን እበላለሁ። እንደኔ በተገላቢጦሽ ሰዓት የሚኖር ሰው ከሌላው ጋር አብሮ የሚቀመጥበት ቦታ ማግኘት ይከብደዋል። እኔ የማገኘው ዳልስተን ውስጥ ነው፣ ኪንግስላንድ ሃይ ስትሪት፣ ቁጥር 107። ሪዮ ሲኒማ።

ቦታውን ለማያውቀው ልንገረው። በባቡር የሚመጣ ዳልስተን ኪንግስላንድ ጣቢያ ይውረድ። ከጣቢያው ወጥቶ ወደ ግራ ትንሽ ሲራመድ ሪዮን ያገኘዋል። በአውቶቡስ ለሚመጣ 149ም 243ም በዚያው መንገድ ያልፋሉ። ከጣቢያው ፊት ለፊት የሪድሊ ሮድ ገበያ አለ። ባሚያ፣ ጎደሬ፣ ያም፣ ፕላንቴን፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ዓሣ፣ የፍየል ሥጋ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ሻጮቹ እየጮሁ ነው የሚሸጡት፣ ልክ እንደኛ ገበያ። ከዚህ ሁሉ ጫጫታ አጠገብ ነው ሲኒማ ቤቱ ያለው። ከሩቅ ሲያዩት በሱቆቹ መሀል የቆመ መርከብ ይመስላል። ግድግዳዎቹ ማዕዘናቸው የተጠማዘዘ ነው። ሲመሽ ኒዮኑ ይበራል፣ ሪዮ ይላል። ሦስት ፊደል ብቻ ነው በእነሱ አጻጻፍ። በአውቶቡስ ሳልፍ ሁልጊዜ በዓይኔ እፈልጋታለሁ።

መጀመሪያ ወደዚህ ቤት የወሰዱኝ ጎረቤቴ የነበሩ የጃማይካ ሴትዮ ናቸው። በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ። በ1960ዎቹ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ካልገለጽኩ በቀር) ወደዚህ ሰፈር የመጡት። በእረፍት ቀኔ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ተኝቼ ሲያዩኝ ቆዩና አንድ ቀን በሬን አንኳኩ። "ልጄ፣ እንቅልፍ ብቻውን ሰው አያሳርፍም። ተነሽ፣ ፊልም እንይ" አሉኝ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ተነሳሁ።

ከዚያ በፊት እዚህ አገር ፊልም አይቼ የማውቀው ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበር። በገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ ነው። ቲኬቱን የሚሸጠው ማሽን፣ በሩ ላይ ማንም የለም፣ ብዙ አዳራሽ ስላለው የእኔን ለማግኘት ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ገባሁ። ከፊልሙ በፊት ማስታወቂያው ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ካለቀ በኋላ በጓሮ በር ወደ መኪና ማቆሚያ ነው ያስወጡን። ከገባሁ እስከምወጣ ከአንድ ሰው ጋር ቃል አልተለዋወጥኩም። "ፊልም ማለት እዚህ አገር እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ" ብዬ ተውኩት።

ምክንያቱም እኔ ፊልም ማየት የለመድኩት ፒያሳ ነው።

እኛ ቤት ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሲኒማ ኢትዮጵያ በእግር ምንም አይርቅም። በጣሊያን ጊዜ ሲኒማ ኢታሊያ ይባል እንደነበር አባቴ ነው የነገረኝ። አያቴ ደግሞ ከዚያም የቆየውን ታውቅ ነበር። በምኒልክ ዘመን ሲኒማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ሰው "የሰይጣን ቤት" ብሎት ነበርና እሷ እስክትሞት ድረስ ሲኒማ ስንሄድ ታማትብ ነበር። ከመሄድ ግን አትከለክለንም። እሁድ ከሰዓት ነበር የምንሄደው። ደርግ ነው፣ ሰዓት እላፊ አለ፣ ስለዚህ የቀኑን ነው የምናየው። የሕንድ ፊልም ከሆነ ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዶ ይደርሳል። በር ላይ ለውዝና ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡ ልጆች አሉ። ውስጥ ከገባን በኋላ የሚሆነውን ያላየ ሰው ሲኒማ አይቷል አልልም። ሕንዳዊቷ እናት ስታለቅስ አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል። ክፉው ሰውዬ ከኋላ ሲመጣ "ዙር! ከኋላህ ነው!" እየተባለ ይጮሃል። ፊልሙ ከተቆረጠ ፉጨቱ ጣሪያ ይነቅላል። አንድ ሰው "አክተሩ ሞተ" ካለ አምስት ሰው ይነሳበታል። አክተር አይሞትም።

እና ፎቅ አለ። ፎቅ ውድ ነው። እኛ ሁልጊዜ ምድር ነው የምንቀመጠው። እናቴ ፊልሙ ሊጀመር ሲል ዞር ብላ ፎቅ የተቀመጡትን ታያቸው ነበር። ምንም አትልም። ልጅ ሆኜም ግን ገብቶኝ ነበር።

ወደ ሪዮ ልመለስ። ያን ቀን ከጎረቤቴ ጋር ስንገባ ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ በስማቸው ጠራቻቸው። "ጉልበትዎ እንዴት ነው?" አለቻቸው። መግቢያው ላይ ትንሽ ካፌ አለ፣ ቡናና ኬክ ይሸጣሉ፣ ፈንዲሻም አለ፣ ቢራና ወይንም ለሚፈልግ አለ። ሰዎች ቆመው ይነጋገራሉ። አንዲት እናት ልጇን በጋሪ ይዛ ገባች። ይህን ሁሉ ሳይ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ አለ። የፒያሳው መግቢያ ታወሰኝ።

አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠን መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ የቤቱን ታሪክ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ኋላ እኔም ራሴ አንብቤ ብዙ ጨመርኩበት። ታሪኩ የሚጀምረው ከአንዲት ሴት ነው። ክላራ ሉድስኪ ትባላለች። እዚሁ ቦታ ላይ የጨረታ ሱቅ ነበራት። በ1909 ሱቁን ወደ ሲኒማ ቤት ለወጠችው። ያን ጊዜ ፊልም ገና ድምፅ አልነበረውም፣ ሴቶችም በዚህ አገር የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። እሷ ግን ሲኒማ ቤት ከፈተች። ሰው ጎረፈ። አጠገቧ ያሉትን ቤቶች ጨመረችና በ1915 ትልቅ አዳራሽ አሠራች፣ ኪንግስላንድ ኢምፓየር የሚባል። እኔ የምገባበት ቤት ከአንዲት የሰፈር ነጋዴ ሴት ድፍረት የተነሳ መሆኑን ካወቅኩ በኋላ በሩን ስገፋ ሁልጊዜ ትታወሰኛለች።

በ1937 ደግሞ አርክቴክቱ ፍራንክ ኧርነስት ብሮሚጅ ቤቱን እንደገና ሠራው። ዛሬ የምናየው መልክ የእሱ ነው። የሚገርመው ግን የድሮውን አዳራሽ ሙሉ ለሙሉ አላፈረሰውም። አዲሱን አሮጌው ውስጥ ነው የሠራው። አሁን ቀና ብለን ከምናየው ጣሪያ በላይ የ1915ቱ ጣሪያ ተደብቆ ተቀምጧል። ይህን ስሰማ አላመንኩም ነበር። ከዚህ ጣሪያ በላይ ሌላ ጣሪያ፣ ከዚህ አዳራሽ ውጪ ሌላ አዳራሽ፣ በጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፎታል።

ከዚያ በኋላ ቤቱ መከራውንም አይቷል። ስሙ ክላሲክ ሆነ። ቴሌቪዥን ሲመጣ ሰው ቀረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለአዋቂ ብቻ የሚባሉ ፊልሞች የሚታዩበት፣ ራቁት ጭፈራም ያለበት ክበብ ሆኖ ነበር። ጎረቤቴ በዚያን ጊዜ በበሩ ላለማለፍ መንገድ ይሻገሩ እንደነበር ነገሩኝ። "ቤቱ ግን ምን አደረገ? ቤቱ ቆሞ ይጠብቀን ነበር" አሉኝ። በ1976 ሪዮ ተባለ። በ1979 የሰፈሩ ሰዎች ተሰባስበው ያዙት። ከዚያ ወዲህ ለትርፍ የማይሠራ የማኅበረሰብ ሲኒማ ነው፣ የትልልቆቹ ኩባንያዎች ቅርንጫፍ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የ1930ዎቹን መልኩን መልሰው አደሱት። በ1999 በቅርስነት ተመዘገበ። ስለዚህ ዛሬ ማንም ተነስቶ ላፍርሰው ቢል በቀላሉ አይችልም።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በ2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ቪዲዮውን ሥራ ቦታ፣ በእረፍት ሰዓቴ፣ በስልኬ አየሁት። የእኛን ቤት በር አልለየሁትም፣ ግድግዳው ሁሉ ወርዶ ነበር። እናቴ አሁን ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፣ ከከተማው ዳር። ውሃ አላት፣ መብራት አላት፣ ጎረቤት ግን እንደ አዲስ መልመድ አለባት። በ74 ዓመቷ።

ባለፈው ዓመት ሦስት ወር እኔ ዘንድ መጣች። ቢግ ቤን ወሰድኳት፣ ቤተ መንግሥቱን አሳየኋት፣ ሁሉንም "ጥሩ ነው" ብላ አለፈችው። አንድ ሰኞ ከሰዓት ሪዮ እንሂድ አልኳት።

በሩ ላይ ስንደርስ ቆመች። ቀና ብላ አየችው። "ሲኒማ ቤት ነው" አለች። አልጠየቀችኝም፣ ራሷ ነው ያወቀችው። ውስጥ ገባን፣ ቲኬት ልቆርጥ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ፎቅ ስንት ነው?"

"ዋጋው አንድ ነው እማዬ። ምድርም ፎቅም አንድ ነው።"

"አንድ?"

"አንድ።"

ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች። "እንግዲያው ፎቅ እንውጣ" አለች።

ደረጃው ለጉልበቷ ቀላል አልነበረም። በየሦስቱ እየቆመች ወጣች። ልደግፋት ስል እጄን ገፋችው። የፎቁ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ፣ መሀል ለመሀል ተቀመጥን። ሁለት እጇን የመቀመጫው መደገፊያ ላይ ዘርግታ ጨርቁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዳበሰችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ምድር የተቀመጡትን አየቻቸው። ለረጅም ጊዜ። ምን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አልጠየቅኳትም።

ፊልሙ የቆየ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ዘፈን የበዛበት ነበር። ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት፣ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ። እኔ ግን ሳላስበው ፊልሙን ትቼ እሷን ነበር የማየው። ሰው ሲስቅ ትስቃለች። ከአዳራሹ አንድ ትንፋሽ አትዘገይም። ቀልዱ አልገባትም፣ ሳቁ ግን ገብቷታል። ልጁ ከአደጋ ሊገባ ሲል ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "አይዞሽ፣ አክተር ነው" አለችኝ። አርባ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። እንባዬን በጨለማው ውስጥ ጠረግኩት።

ሲያልቅ አልተነሳችም። ስሞቹ በሙሉ ሮጠው እስኪያልቁ ጠበቀች፣ መብራቱ በራ፣ አሁን ጣሪያውን ማየት ጀመረች። አንድ ሠራተኛ መጥረጊያ ይዞ ሊያጸዳ መጣ። ውጡ አላለንም። እናቴ ጣሪያውን ስታይ አይቶ እሱም ቀና አለ። ከላይ ሌላ ጣሪያ እንዳለ በእጁ እያመለከተ ነገራት። እኔ ተረጎምኩላት።

"ያኛው አሮጌው ነው?" አለች።

"አዎ፣ የ1915ቱ።"

"አላፈረሱትም?"

"አላፈረሱትም እማዬ። ሸፍነው ነው የተዉት።"

ራሷን ነቀነቀች። "ብልህ ናቸው" አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ከዚያ ቲኬቷን አጥፋ፣ አጥፋ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ስለ ምስሉና ስለ ድምፁ የሚጠይቅ ይኖራል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሪዮ እንደማንኛውም ሲኒማ በዲጂታል ነው የሚያሳየው። ግን አንዳንድ ጊዜ በእውነተኛው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያሳያሉ። ማስታወቂያውን ካያችሁ እንዳያመልጣችሁ። ልዩነቱን ለመግለጽ ከባድ ነው፣ ግን ልሞክር። በፊልም ሲታይ ምስሉ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይተነፍሳል። በሴኮንድ 24 ፎቶ ነው የሚያልፈው። አንዱ ፎቶ ሄዶ ሌላው እስኪተካ መሀል ላይ ብርሃኑ ይጋረዳል። ዓይናችን አያውቀውም እንጂ አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጥንበት ሰዓት ግማሽ ያህሉን በጨለማ ነው የምናሳልፈው። በጨለማው ውስጥ ምስሉን የሚይዘው የእኛ ዓይን ነው።

የሰፈራችን ልጅ አባት ፒያሳ ኦፕሬተር ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን እኔንና ልጃቸውን ማሽኑ ክፍል አስገቡን። ክፍሉ ይሞቃል፣ የተቃጠለ ካርቦን ይሸታል። አንዱ ጥቅል ፊልም 20 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ ላይ በቀኝ በኩል ከላይ ጥግ አንዲት ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያን ጊዜ ሁለተኛው ማሽን ይነሳል። ነጥቧ ደግማ ብልጭ ስትል ወደሱ ይቀየራል። "ሕዝቡ ካወቀብኝ ሥራዬን አላውቅም ማለት ነው" ይሉን ነበር። ያን ቀን ካሳዩኝ በኋላ ፊልም ባየሁ ቁጥር ጥጓን ነበር የማየው። ሪዮ ውስጥ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ሲታይ ያቺ ነጥብ ብልጭ ስትል አየኋት። ብልጭ። ደግማ ብልጭ። ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ለምን ፈገግ እንዳልኩ አላወቀም።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በ1980ዎቹ ሪዮ ውስጥ ሥራ የሌላቸው የሰፈሩ ወጣቶች ፎቶ ማንሳትና ድምፅ መቅዳት ይማሩ ነበር። ካሜራ ይዘው ይወጣሉ። ሰልፉን፣ ገበያውን፣ ሠርጉን፣ ሊዘጋ ያለውን ሆስፒታል፣ ቤት ያጡትን ሰዎች ያነሳሉ። ከዚያ ፎቶዎቹን በስላይድ፣ ድምፁን በካሴት አድርገው ከዋናው ፊልም በፊት ለሰፈሩ ሰው ያሳያሉ። የሰፈር ዜና ማለት ነው። ሥራው ሲቆም ስላይዶቹ እዚያው ሲኒማ ቤት ካቢኔ ውስጥ ተረሱ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው ሰው ያገኛቸው። ከ10 ሺህ በላይ ናቸው።

አንዳንዶቹን ከጎረቤቴ ጋር በስልኬ ላይ አብረን አየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው። አንዱ ላይ ቆሙ። ሪድሊ ሮድ ነው፣ ዝናብ ጥሏል፣ ሴቶች ዘንቢል ይዘዋል። "ይህ ሱቅ የአሳማ እግር ይሸጥ ነበር" አሉ። "ይህችን ሴትዮ በመልክ አውቃታለሁ።" ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ። እኔ የማስበው ዶሮ ማነቂያን ነበር። የእኛን ሰፈር እንዲህ በር በበሩ፣ ሱቅ በሱቁ ያነሳ ወጣት ቢኖር፣ ፎቶዎቹም አንድ ካቢኔ ውስጥ ቢረሱ፣ አንድ ቀን ይገኙ ነበር። እናቴ የቤቷን በር ታየው ነበር። ቤተሰባችን ውስጥ ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፣ የልደት ነው፣ በሩ ግማሹ ነው የሚታየው።

አሁን መሄድ ለሚፈልግ ሰው የማውቀውን ልንገር። ዋጋው መሀል ለንደን፣ ሌስተር ስኩዌር አካባቢ ካሉት በጣም ያነሰ ነው። በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ድረ ገጻቸው ላይ እዩት። አዘውትሮ ለሚሄድ አባልነት አለ፣ እኔ አባል ነኝ፣ ገንዘቡም ቤቱን ለማቆም እንደሚውል ስለማውቅ ደስ ብሎኝ ነው የምከፍለው። ዋናው አዳራሽ ወደ 400 መቀመጫ አለው፣ ምድርና ፎቅ። ጉልበት የሚያመው ሰው ምድር ይቀመጥ፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ቦታ ጥሩ ነው። ከ2017 ወዲህ ከታች ምድር ቤቱ ውስጥም አንድ ትንሽ አዳራሽ አለ። ቤት ውስጥ ያሉ ያህል ነው፣ ግን የቤቱን ውበት ለማየት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ዋናውን አዳራሽ ይምረጥ። ቲኬት ስትገዙ የትኛው አዳራሽ እንደሆነ እዩ። ሕፃን ለያዙ ወላጆች የሚሆን ማሳያም አላቸው፣ ልጁ ቢያለቅስ ማንም አይቆጣም። ልጄ ትንሽ እያለች ይህን ባውቅ ኖሮ ምን ያህል ይጠቅመኝ ነበር።

ከመጀመሩ ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ሂዱ። ቡናችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ግድግዳውን፣ ኩርባዎቹን፣ መጋረጃውን እዩ። ለእኔ ከሌሊት ሥራ በኋላ ያቺ ሃያ ደቂቃ ከፊልሙ እኩል ናት። የታመመ ሰው ድምፅ፣ የማሽን ጥሪ፣ የመብራቱ ንጣት፣ ሁሉም ከጆሮዬና ከዓይኔ ይወጣል።

የቱርክና የኩርድ ፊልም ፌስቲቫሎች እዚህ ቤት ተደርገዋል። ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ቱርኮችና ኩርዶች ስላሉ ነው። አንድ ጊዜ በኩርድ ፊልም ቀን ገብቼ ነበር። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ፊልሙ ላይ አንዲት እናት ቂጣ ስትጋግር አዳራሹ "እህ" አለ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ያ ድምፅ እኛም ዘንድ አለ። እዚህ ለንደን የአማርኛ ፊልም የምናየው ግን በየቤታችን ነው፣ በዩቲዩብ፣ አንዱ ስልክ ላይ ሌላው ቴሌቪዥን ላይ። የሪዮ አዳራሽ ለሚፈልግ ይከራያል። ለሠርግና ለልደት አዳራሽ ስንከራይ እንኖራለን፣ እንግዲህ ለአንድ ፊልም አንድ እሁድ መከራየት አያቅተንም። ማኅበር ያላችሁ፣ ዕቁብ ያላችሁ፣ አስቡበት። እኔ ከአሁኑ አሥር ቲኬት እገዛለሁ፤ በር ላይ ቆሎ በወረቀት ጠቅልዬ የማድለውም እኔ ነኝ።

ጎረቤቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰኞ ሰኞ ብቻዬን ነው የምሄደው። ቲኬት የምትቆርጠዋ ልጅ አሁን እኔን በስሜ ትጠራኛለች።

እናቴ በየሳምንቱ ትደውላለች። ቲኬቱ አሁን ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን፣ ከአባቴ ፎቶ ፊት ቆሟል። የጎረቤት ሴቶች ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ታሳያቸዋለች። ባለፈው ማክሰኞ ስትደውል ገና ሰላም ሳንባባል "ትናንት ሄድሽ?" አለችኝ።

"ሄድኩ እማዬ።"

"የት ተቀመጥሽ?"

"ፎቅ። እዚያችው መሀል ላይ።"

"በይ ጎሽ" አለች።